ካይዘን፣ አይኤስኦ፣ ውጤት ተኮር ወይስ ሶፍትዌር? የድርጅትን አሠራር ለማስተካከል የሚረዳ የንጽጽር መመሪያ

አንድ ድርጅት ከጥቂት ሠራተኞች ተነሥቶ አርባና ስልሳ ሰው ማስተዳደር ሲጀምር፣ ባለቤቱ ቀድሞ በዓይኑ እያየና በስልክ እያዘዘ ይመራው የነበረው ሥራ ቀስ በቀስ ከእጁ ይወጣል። ትዕዛዝ ይዘገያል፤ ዕቃው መጋዘን ውስጥ እያለ ሌላ ይገዛል፤ ደንበኛው ለሽያጭ ሠራተኛዋ የነገረው ነገር ለምርት ክፍሉ ሳይደርስ ይቀራል፤ ፎርማኑም ትንሹን ውሳኔ ሁሉ ባለቤቱ እስኪመጣ ያቆየዋል። በዚህ ጊዜ ከየአቅጣጫው ምክር ይመጣል። አንዱ ሥራን በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል ዘዴ የሆነው ካይዘን ይጀመር ይላል፤ ሌላው አይኤስኦ 9001 የተባለው የጥራት ሥራ አመራር ሰርተፍኬት ሳይኖር የትም አይደረስም ይላል፤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣ ሥራ አስኪያጅ የለመደውን የውጤት ተኮር ሥርዓት ያቀርባል፤ የሶፍትዌር ሻጩም ችግሩን ሁሉ በአንድ ኢአርፒ፣ ማለትም የድርጅቱን ክፍሎች ሁሉ መረጃ በሚያገናኝ ሶፍትዌር፣ እፈታለሁ ብሎ ቃል ይገባል።

እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው ጥቅም ያላቸው መንገዶች ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ ሌላውን አይተካም፣ በአንድ ጊዜ ሲጀመሩም የሠራተኛውን ጊዜና የአመራሩን ትኩረት ይሻማሉ። ይህ መመሪያ የሚመለከተው በተለይ ከሃያ እስከ ሁለት መቶ ሠራተኛ ያላቸውን የአገራችንን አምራችና አገልግሎት ሰጪ ድርጅቶች ነው። አቋሜን ከመነሻው ለመግለጽ ያህል፣ ለአብዛኞቹ እንዲህ ላሉ ድርጅቶች የመጀመሪያው ዓመት ሥራ በራሱ በሥራ ቦታው ላይ የሚጀመር የካይዘን ዲሲፕሊን ሊሆን ይገባል፤ ሰርተፍኬቱም ሶፍትዌሩም ከዚያ በኋላ ቢመጡ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ከዚህ የሚለዩ ሁኔታዎች አሉ፤ እነርሱንም በየቦታቸው አነሣለሁ።

ከምርጫው በፊት ችግሩን ማግኘት

የመጀመሪያው ሥራ ባለፉት ሁለት ወይም ሦስት ወራት የዘገዩትን፣ የተመለሱትንና ቅሬታ የቀረበባቸውን ትዕዛዞች በአንድ ወረቀት ላይ መዘርዘርና እያንዳንዱ ትዕዛዝ የት ቦታ ስንት ቀን እንደቆመ መጻፍ ነው። ይህን ለማድረግ አማካሪ መቅጠር አያስፈልግም፤ የሽያጭ ሠራተኛዋ፣ ፎርማኑና የመጋዘን ኃላፊው መዝገቦቻቸውን ይዘው አንድ ከሰዓት በኋላ አብረው ቢቀመጡ ይበቃል። ከዚያም ለእያንዳንዱ መዘግየት ምክንያቱን እስከ ሥሩ መከተል ይገባል። ቶዮታ ውስጥ የተለመደው፣ አንድን ችግር አምስት ጊዜ ያህል «ለምን?» እያሉ የመጠየቅ ዘዴ እዚህ ላይ ጥሩ መሣሪያ ነው።

የቤት ዕቃ የሚሠራ ድርጅት ለምሳሌ እንውሰድ። የወጥ ቤት ካቢኔው በተባለው ቀን አልደረሰም። ለምን? ሁለቱ በሮች እንደገና መቆረጥ ስለነበረባቸው። ለምን እንደገና? ስፋታቸው ሦስት ሴንቲሜትር ስለጎደለ። ለምን ጎደለ? ቆራጩ እጅ ላይ የነበረው ልኬት መጀመሪያ የተወሰደው እንጂ ደንበኛዋ ምድጃ ከለወጡ በኋላ የተስተካከለው ስላልነበረ። አዲሱ ልኬት ለምን አልደረሰውም? ደንበኛዋ በስልክ የነገሯትን የሽያጭ ሠራተኛዋ ለፎርማኑ በቃል ስላስተላለፈችው። ለምን በቃል? የትዕዛዝ ለውጥ የሚጻፍበት ቅጽም፣ ቅጹን ተቀብሎ የሚፈርም ሰውም ስላልነበረ። በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ጥፋተኛው ቆራጩ ይመስላል፤ ምናልባትም የሁለቱ በሮች ዋጋ ከደመወዙ ይቆረጥበት ነበር። በአምስተኛው ጥያቄ ላይ ግን የጎደለው ሥርዓት እንደሆነ፣ ያንን ሥርዓት መዘርጋትም የአመራሩ ሥራ እንደነበረ ግልጽ ይሆናል።

እንዲህ ያለ ዝርዝር በቅንነት ከተሠራ ችግሮቹ ወደ አንድ ወገን ማዘንበላቸው አይቀርም። ጊዜው የሚባክነው መሣሪያ በመፈለግ፣ በመጠበቅና በድጋሚ ሥራ ከሆነ ጉዳዩ የሥራ ቦታው ነው። ሥራው በደህና እየተሠራ ከክፍል ወደ ክፍል ሲተላለፍ የሚበላሽ ከሆነ ጉዳዩ የተጻፈ አሠራር ማጣት ነው። ሁሉም ጠንክሮ እየሠራ ድርጅቱ ወዴት እንደሚሄድ የማይታወቅ ከሆነ የግብና የመለኪያ ችግር አለ። መጋዘን ውስጥ ምን እንዳለና ማን ስንት ዕዳ እንዳለበት ለማወቅ ቀናት የሚፈጅ ከሆነ ደግሞ የጎደለው መረጃ ነው። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር የሚጠቅመው ይህን ዝርዝር በእጁ ለያዘ ሰው ነው።

ካይዘን

ካይዘን በጃፓን ፋብሪካዎች ያደገ፣ ሥራን በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል አካሄድ ነው። ወደ አገራችን የገባው በጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት መለስ ዜናዊ ባቀረቡት ጥያቄ ሲሆን፣ የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት ወይም ጃይካ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 በአዲስ አበባና በአካባቢዋ በሚገኙ 30 ያህል ፋብሪካዎች ላይ ሙከራውን ደገፈ፤ በ2011ም የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ተቋሙ ዛሬ የካይዘን የልህቀት ማዕከል በሚል ስም ይታወቃል። በሙከራው ከታቀፉት ፋብሪካዎች አንዳንዶቹ በግልጽ የሚታይ ለውጥ ሲያመጡ ሌሎቹ ብዙም ሳይራመዱ ቀሩ። ሥልጠናው ተመሳሳይ ነበርና ይህ ልዩነት በራሱ ለመራጩ ትልቅ ትምህርት ነው።

መነሻው አምስቱ «ማ»ዎች የሚባሉት ናቸው፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ። በቃል ሲነገሩ ቀላል ስለሚመስሉ ብዙ ባለቤቶች የጽዳት ዘመቻ አድርገው ይወስዷቸዋል። ወደ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ገብተን ነገሩን ጠጋ ብለን እንየው። ማጣራት ማለት ለወራት ያልተነካውን ቁርጥራጭ ኤምዲኤፍ፣ የተሰበረውን መሰርሰሪያ፣ ባለቤት የሌለውን የቀለም ጣሳ ሁሉ ቀይ ካርድ ለጥፎ ወደ አንድ ጥግ ማውጣትና እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ የሚፈልገው ካልመጣ ማስወገድ ነው። ማስቀመጥ ሲባል ደግሞ ግድግዳው ላይ ሰሌዳ ተሰቅሎ የእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርጽ በቀለም ይሣልበታል፤ ማታ ላይ ክላምፑ ከቦታው ከሌለ ባዶው ሥዕል ከሩቅ ይታያል፤ መሣሪያውን የወሰደው ሰውም ስሙ የተጻፈበትን መለያ በምትኩ ይሰቅላል። ማንም ማንንም ሳይጠይቅ ምን እንደጎደለና ማን ዘንድ እንዳለ ይታወቃል ማለት ነው።

የዚህ ጥቅም በሒሳብ ሲታይ የሚናቅ አይደለም። አሥራ ሁለት ሠራተኞች እያንዳንዳቸው መሣሪያና ዕቃ ፍለጋ በቀን 25 ደቂቃ ያባክናሉ እንበል። ይህ በቀን 5 ሰዓት፣ 26 የሥራ ቀን ባለው ወር ደግሞ 130 ሰዓት ይሆናል፤ በቀን ስምንት ሰዓት ከሚሠራ የአንድ ሠራተኛ የወር ጊዜ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ባለቤቱ ይህን ጊዜ በደመወዝ እየከፈለበት ነው፤ በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ ላይ ግን ተጽፎ አያገኘውም።

ከአምስቱ «ማ»ዎች ቀጥሎ የሚመጣው ብክነትን የማየት ልምምድ ነው። የቶዮታን የምርት ሥርዓት በመገንባት የሚታወቁት ታይቺ ኦኖ ብክነትን በሰባት ከፍለው ነበር፤ ከመጠን በላይ ማምረት፣ መጠበቅ፣ ማጓጓዝ፣ አላስፈላጊ ሂደት፣ ክምችት፣ አላስፈላጊ እንቅስቃሴና እንከን ያለው ምርት። እዚህ ላይ ለአገራችን ሁኔታ አንድ ማስተካከያ ማድረግ የግድ ነው። የውጭ ምንዛሪ በተፈለገ ጊዜ በማይገኝበት፣ ጭነትም ጅቡቲ ወደብ ላይ ሊዘገይ በሚችልበት አገር ከውጭ የሚመጣ ጥሬ ዕቃን አከማችቶ መያዝ እንደ ጃፓን ፋብሪካ በጅምላ ብክነት ሊባል አይገባም፤ ባለቤቱ ሥራው እንዳይቆም የከፈለው ዋስትና ነው። በማሽንና በማሽን መካከል ተከምሮ ቀጣዩን ሂደት የሚጠብቀው በከፊል የተሠራ ዕቃ ግን እዚህም እዚያም ያው ብክነት ነው። የውጭውን ትምህርት እንዳለ የሚቀዳ አሠልጣኝ ይህን ልዩነት ካልነገራችሁ እናንተ አንሱት።

የካይዘን ትልቁ ብርታት በትንሽ ወጪ መጀመሩና ውጤቱ በሳምንታት ውስጥ በዓይን መታየቱ ነው። ድክመቱም የታወቀ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት «ማ»ዎች በዘመቻ ሊሠሩ ይችላሉ፤ ማላመድና ማዝለቅ ግን የየቀኑን ክትትል የሚጠይቁ ስለሆኑ ብዙ ድርጅቶች እዚያ ላይ ይወድቃሉ። ፖስተሩ ግድግዳው ላይ ይቀራል፣ ሰሌዳው ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ባዶ ይሆናል። ሌላው ገደቡ ካይዘን ምን መሸጥ እንደሚሻል የማይናገር መሆኑ ነው፤ ለውጭ ገዢ የሚቀርብ ሰርተፍኬትም አይሰጥም።

አይኤስኦ 9001

ይህ የጥራት ሥራ አመራር ሥርዓት መስፈርት ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። በብዙዎች ዘንድ ያለው ዋነኛ የተሳሳተ ግንዛቤ ሰርተፍኬቱ ምርቱን የሚያረጋግጥ መስሎ መታየቱ ነው። የሚረጋገጠው ድርጅቱ ሥራውን የሚመራበት ሥርዓት ነው፤ ማለትም የደንበኛውን ፍላጎት እንዴት እንደሚቀበል፣ አሠራሩን እንዴት እንደሚቆጣጠር፣ ስህተት ሲገኝ መንስኤውን እንዴት እንደሚያስወግድ፣ አመራሩም ይህን ሁሉ በየጊዜው እንዴት እንደሚገመግም። ሌላው የተሳሳተ ግንዛቤ ሥርዓቱ ወፍራም የጥራት ማኑዋል ይጠይቃል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው እትም ማኑዋሉን አስገዳጅ ከመሆን አውጥቶት፣ በምትኩ ለአመራሩ ኃላፊነትና ለሥጋት ትንተና ትልቅ ቦታ ሰጥቷል።

ሰርተፍኬቱን የሚሰጠው መስፈርቱን ያወጣው ዓለም አቀፍ ድርጅት ራሱ አይደለም፤ ገለልተኛ የሆኑ ሰርተፍኬት ሰጪ ተቋማት ናቸው። በአገራችን የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ይህን አገልግሎት ይሰጣል፤ የውጭ ተቋማትም ይሠራሉ። ሰርተፍኬቱ በተለምዶ ለሦስት ዓመት የሚቆይ ሲሆን በመካከሉ በየዓመቱ የክትትል ኦዲት ይደረጋል፤ ስለዚህ ወጪው የአንድ ጊዜ ብቻ አለመሆኑን አስቀድሞ በበጀት መያዝ ይገባል። ከውል በፊት ደግሞ ሰጪው ተቋም ራሱ የአክሬዲቴሽን፣ ማለትም ሰርተፍኬት ለመስጠት ብቁ ነው የሚል፣ ዕውቅና ያለው መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ዕውቅና ከሌለው ተቋም የተገኘ ሰርተፍኬትን የውጭ ገዢ ላይቀበለው ይችላል። ምግብ የሚያቀነባብር ድርጅት ከ9001 ይልቅ ስለ ምግብ ደኅንነት የሚደነግገውን አይኤስኦ 22000ን፣ የሕክምና ላቦራቶሪ ደግሞ 15189ን ማየት አለበት፤ ብዙ ጊዜ ገዢው ወይም ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሚጠይቀው እነዚህን ነው።

ከላይ ያነሣነው የካቢኔ ታሪክ ለአይኤስኦ በጣም የሚስማማ ችግር ነው። መስፈርቱ የትዕዛዝ ለውጥ እንዲመዘገብና የሚመለከተው ሰው እንዲያውቀው ያስገድዳል። የውስጥ ኦዲት የሚያደርገው ሰው ወደ ቆራጩ ሄዶ «እጅህ ላይ ያለው ልኬት የመጨረሻው መሆኑን በምን ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህች አንዲት ጥያቄ መልስ ካጣች ሌላው ወረቀት ሁሉ ቢሟላም ሥርዓቱ አልሠራም ማለት ነው። በዚህ መንፈስ የሚሠራ አይኤስኦ ለድርጅት እውነተኛ የጀርባ አጥንት ይሆናል።

ችግሩ የሚመጣው ሰርተፍኬቱ በራሱ ግብ ሲሆን ነው። ከሌላ ድርጅት የተቀዳ የአሠራር ሰነድ ስሙ ብቻ ተለውጦ ይገባል፤ ኦዲተሩ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው የስድስት ወር ቅጽ በአንድ እስክሪብቶ ይሞላል። እንዲህ ያለው አይኤስኦ ከነጭራሹ ባይኖር ይሻላል፤ ምክንያቱም ሠራተኛው በድርጅቱ ቅጽ ላይ ያልተሠራን ሥራ እንደተሠራ አድርጎ መጻፍን ይለማመዳል፤ ይህ ልማድ አንዴ ከገባ በኋላ እውነተኛ መረጃ ከዚያ ክፍል ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ገዢ ወይም የጨረታ ሰነድ ሰርተፍኬቱን በግልጽ ካልጠየቀ በቀር በሥራ ቦታው ላይ ዲሲፕሊን ከሰፈነ በኋላ ወደ አይኤስኦ መሄድ ይሻላል። በካይዘን የተሻሻለው አሠራር ያኔ በአይኤስኦ ይጻፋል፤ የተጻፈውም እየተመረመረ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ይያዛል። ሰርተፍኬቱ ከተጠየቀ ግን መጠበቅ አይቻልምና ሁለቱን በአንድ ቡድን ሥር ማስኬድ ይገባል እንጂ ለካይዘን አንድ፣ ለአይኤስኦ ሌላ ኮሚቴ ማቋቋም አያዋጣም።

የውጤት ተኮር ሥርዓት

ቢኤስሲ በሚለው አጠራሩ የሚታወቀው ሚዛናዊ የውጤት ምዘና በሮበርት ካፕላንና በዴቪድ ኖርተን እ.ኤ.አ. በ1992 የቀረበ ነው። መሠረታዊ ሐሳቡ አንድ ድርጅት በገንዘብ ውጤቱ ብቻ ሳይሆን በደንበኛው፣ በውስጥ አሠራሩና በመማማርና ዕድገት ዕይታም ራሱን ይመዝን የሚል ነው። የገንዘብ ውጤት ያለፈውን ሥራ ይናገራል፤ ሌሎቹ ሦስቱ ግን የሚመጣውን አስቀድመው ሊያመለክቱ ይችላሉ። ሐሳቡ ጠንካራ ነው፤ ብዙ ቅርንጫፍ ላለው፣ የቦርድ አመራር ላለው፣ ከባንክ ወይም ከባለአክሲዮኖች ጋር በግልጽ ቁጥር መነጋገር ለሚያስፈልገው ድርጅትም በእርግጥ ይጠቅማል።

በአገራችን ግን አብዛኛው ሰው ቢኤስሲን የሚያውቀው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ በየስድስት ወሩ የሚሞላ የሠራተኛ ምዘና ቅጽ ሆኖ ነው። መለኪያው ከደረጃ ዕድገትና ከነጥብ ጋር ብቻ ሲተሳሰር ሰው ነጥቡን ያሳድዳል፤ ሥራው ግን ባለበት ይቆያል። የግል ድርጅት ይህን ልማድ ይዞ እንዳይገባ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ስልሳ ሠራተኛ ያለው ድርጅት አርባ መለኪያ አያስፈልገውም፤ በተባለው ቀን የደረሰ ትዕዛዝ፣ የድጋሚ ሥራ ብዛት፣ የተሰበሰበ ዕዳና የሠራተኛ መልቀቅ በየሳምንቱ በአንድ ሰሌዳ ላይ ቢጻፉ ለጀማሪ ይበቁታል። እነዚህ አራቱ ያለማቋረጥ ለአንድ ዓመት ከተመዘገቡ በኋላ ሙሉው ሥርዓት ቢታሰብ ያን ጊዜ መሠረት ይኖረዋል።

መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ

ቢፒአር የሚባለው ይህ አካሄድ አንድን ሂደት ከማሻሻል ይልቅ ከሥሩ ነቅሎ እንደ አዲስ መንደፍ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1990 ያስተዋወቁት ማይክል ሀመር ነበሩ። አገልግሎት ፈላጊ ብዙ መስኮት የሚዞርበትን ጉዳይ በአንድ መስኮት የማስጨረስ ሥራ የዚህ አካሄድ ፍሬ ነው። ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅት ግን እምብዛም አልመክረውም፤ ወጪው ከባድ ነው፣ ሠራተኛውም በልምድ ከቅነሳና ከምደባ ጋር ስለሚያያይዘው ገና ሳይጀመር ይሸሸዋል። አንድ ሂደት፣ ለምሳሌ የግዥ ፈቃድ፣ ስድስት ፊርማ የሚያስፈልገው ከሆነ ያንን አንዱን ብቻ ነጥሎ መንደፍ ይቻላል፤ ድርጅቱን በሙሉ ማናወጥ አያስፈልግም።

ሶፍትዌር

ብዙ ድርጅቶች ዛሬም ፒችትሪ ብለው በሚጠሩት ሴጅ 50 ሒሳባቸውን ይይዛሉ፤ መጋዘኑ ግን የየዕቃው ገቢና ወጪ በሚጻፍበት ቢን ካርድ፣ ምርቱ በፎርማኑ ደብተር፣ ሽያጩ በቴሌግራም ነው የሚመራው። እነዚህን ሁሉ በአንድ ኢአርፒ ማገናኘት የሚስብ ሐሳብ ነው፤ ጊዜው ሲደርስም ትክክለኛ እርምጃ ነው። ጊዜው መድረሱን የምናውቀው ግን በሻጩ ማሳያ አይደለም፤ በመጋዘኑ ነው።

አንድ የተለመደ ሁኔታ ልጥቀስ። መጋዘን ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት ብሎን በአንዱ ካርድ ላይ «ብሎን 8»፣ በሌላው «የ8 ብሎን»፣ በሦስተኛው «ቡሎን ኤም 8» ተብሎ ተመዝግቧል። የመጋዘን ኃላፊው ሦስቱም አንድ መሆናቸውን በልምድ ያውቃል። ሶፍትዌሩ ግን አያውቅም፤ የመጀመሪያው ዜሮ ሲደርስ አልቋል ብሎ ያስጠነቅቃል፣ ግዥ ክፍሉም ይገዛል። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ስምና አንድ ኮድ ሳይሰጥ፣ ቆጠራ ሳይደረግ፣ ገቢና ወጪም በወቅቱ በደረሰኝ ሳይያዝ የሚገባ ሥርዓት የነበረውን ግራ መጋባት በፍጥነት ያባዛዋል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለዕቃ ገቢ ሞዴል 19፣ ለወጪ ሞዴል 22 መጠቀም የቆየ ልማድ ነው፤ የወረቀት አሠራሩ ኋላ ቀር ነው ተብሎ ቢተችም፣ ያለ ደረሰኝ ዕቃ አይንቀሳቀስም የሚለው ሕጉ ግን የትኛውም ሶፍትዌር የሚቆምበት መሠረት ነው። ይህ ሕግ በወረቀት ለሦስት ወር ሳይጣስ ከተሠራበት ድርጅቱ ለሶፍትዌር ዝግጁ ነው ማለት ይቻላል፤ በወረቀት ያልተከበረ ሕግ በኮምፒዩተር ይከበራል ብሎ መጠበቅ ግን ከንቱ ነው።

እያንዳንዱ መንገድ ከመሪው የሚጠይቀው

እስካሁን ያነጻጸርናቸው መንገዶች ከአመራሩ የሚጠይቁት ነገር አንድ ዓይነት አይደለም፤ ምርጫው ላይ ከዋጋው በላይ ሊመዘን የሚገባውም ይህ ነው ብዬ አስባለሁ። ሥርዓት ያለ መሪ እንደማይቆም የሚያሳየው በጣም የታወቀው ማስረጃ በካሊፎርኒያ ፍሪሞንት የነበረው የመኪና ፋብሪካ ነው። ጀነራል ሞተርስ በሥራ መቅረት፣ በአድማና በጥራት ጉድለት ስሙ የጠፋውን ይህን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1982 ዘጋው። በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና፣ ኑሚ በሚል ስም፣ ሲከፈት የተቀጠሩት ሠራተኞች በአብዛኛው እነዚያው የቀድሞዎቹ ነበሩ፤ የሠራተኛ ማኅበሩም ያው ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩት ወደ ጃፓን ሄደው የቶዮታን አሠራር በቦታው ተማሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥም ፋብሪካው ጥራቱ ከጃፓን እኅት ፋብሪካዎቹ ጋር የሚወዳደር መኪና ያወጣ ጀመር።

እዚያ ከተለወጡት ነገሮች አንዱ በምርት መስመሩ ላይ የተዘረጋው ገመድ ነው። ችግር ያየ ማንኛውም ሠራተኛ ገመዱን ይስባል፤ የቡድን መሪው ፈጥኖ ይመጣል፤ ችግሩ በጊዜው ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። በድሮው ፋብሪካ መስመር ማስቆም የማይታሰብ ነገር ነበር። ጀነራል ሞተርስ ይህን አሠራር ወደ ሌሎች ፋብሪካዎቹ ለማስፋፋት ሲሞክር ግን ብዙ ዓመት ፈጀበት፤ ገመዱን መዘርጋት ቀላል ነበር፣ ገመዱን የሳበውን ሠራተኛ የማይቆጣ አለቃ ማፍራት ግን ጊዜ የሚወስድ ሥራ ነበር።

ስለዚህ ካይዘንን የመረጠ ባለቤት በየቀኑ ጠዋት ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ሥራው ቦታ ላይ ቆሞ ትናንት ምን እንዳጋጠመ መስማት፣ መጥፎ ዜና ይዞ የመጣውንም ሰው ማመስገን ይኖርበታል። ይህን ማድረግ የማይችል ከሆነ ካይዘንን ባይጀምር ይመረጣል። አይኤስኦ ከመሪው የሚጠይቀው ራሱም ለተጻፈው ሕግ መገዛትን ነው፤ የእርሱ ወንድም ዕቃ ያለ ደረሰኝ ከመጋዘን ካወጣ ሥርዓቱ በዚያው ቀን ፈርሷል፣ ሁሉም ሠራተኛ አይቷልና። ውጤት ተኮር ሥርዓት ጥሩ ያልሆነ ቁጥርን በአደባባይ ለማየት ድፍረት ይጠይቃል። ሶፍትዌር ደግሞ ባለቤቱ ከእንግዲህ በስልክ «ለጊዜው ስጡትና በኋላ ይመዘገባል» ማለቱን እንዲተው ያስገድደዋል።

ለየትኛው ድርጅት የትኛው?

ሃያ ወይም ሠላሳ ሠራተኛ ያለው፣ ባለቤቱ በየቀኑ የሚገኝበት ጋራዥ፣ ዳቦ ቤት፣ የብረታ ብረት ወይም የልብስ ስፌት ድርጅት ያለ ማመንታት ከካይዘን ይጀምር። ወደ ውጭ የሚልክ ወይም ለትልልቅ ፕሮጀክቶች የሚያቀርብ ድርጅት ገዢው የጠየቀውን መስፈርት በስሙና በቁጥሩ አጣርቶ ወደ አይኤስኦ ይግባ፤ ለዝግጅቱም ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይመድብ። ክሊኒክና ሆቴል ላይ የሚደርሰው አብዛኛው ጉድለት በፈረቃ ርክክብ ጊዜ የሚፈጠር በመሆኑ፣ ከሁሉ በፊት የርክክብ መዝገብና በጽሑፍ የሰፈረ አሠራር ያስፈልጋቸዋል፤ ሰርተፍኬቱ ባይመጣም የአይኤስኦ አስተሳሰብ ይጠቅማቸዋል። ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ችርቻሮ ነጋዴ ደግሞ ከሌሎቹ ቀድሞ ወደ ሶፍትዌር መሄዱ ተገቢ ነው፤ ኮድ የመስጠቱንና የቆጠራውን ሥራ ግን ሊዘለው አይችልም።

ለብቻው መነሣት ያለበት ባለቤቱ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆኖ አዲስ አበባ ውስጥ ያለውን ድርጅት በስልክ የሚመራበት ሁኔታ ነው። እንዲህ ላለው ባለቤት ካይዘንን ከሩቅ መምራት አይቻልም፤ በካሜራ መከታተልም ሠራተኛው እንደማይታመን ከመንገር ያለፈ ፋይዳ የለውም። የተሻለው መንገድ ሙሉ ሥልጣን ያለው ሥራ አስኪያጅ በቦታው መሾም፣ የሥልጣኑን ወሰን በጽሑፍ ማስቀመጥ፣ ከላይ የጠቀስኳቸውን አራት ቁጥሮች በየሳምንቱ መቀበልና በዓመት ጥቂት ጊዜ ራስ ተገኝቶ ከሠራተኛው ጋር መነጋገር ነው። ሥራ አስኪያጅ ሾሞ በጎን ከአጎት ልጅ ወሬ የሚቀበል ባለቤት ከእነዚህ መንገዶች በየትኛውም አይጠቀምም።

አማካሪ ሲቀጠርና ዘጠናው ቀን ሲሞላ

አማካሪ የሚቀጠር ከሆነ ከዋጋ ድርድሩ በፊት የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። ቀድሞ ከሠራባቸው ድርጅቶች አንዱን፣ ሥራውን ከጨረሰ ቢያንስ አንድ ዓመት ያለፈውን፣ እንድትጎበኙ ይፈቅዳል? ስንት ቀን በሥልጠና አዳራሽ፣ ስንት ቀን በሥራ ቦታው ላይ ያሳልፋል? ሲሄድ ሥራውን የሚረከበው ከእናንተ ሰዎች ማን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ከሌለው ውሉ ባይፈረም ይሻላል። ክፍያውንም ከሥልጠና ቀናት ጋር ብቻ ከማያያዝ ይልቅ ከፊሉን ከስድስት ወር በኋላ ከሚታይ ውጤት ጋር ማያያዝ ተገቢ ነው።

የተመረጠው መንገድ የትኛውም ቢሆን ዘጠና ቀን ሲሞላው ሦስት ነገሮችን መዝኑ፤ በተባለው ቀን የደረሱ ትዕዛዞች ምን ያህል ጨመሩ፣ የድጋሚ ሥራ ምን ያህል ቀነሰ፣ ባለቤቱን ሲጠብቁ የቆሙ ውሳኔዎችስ በሳምንት ስንት ናቸው? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተሻሽለው ሦስተኛው ካልተነቃነቀ፣ የተገኘው ለውጥ የተንጠለጠለው በባለቤቱ መኖር ላይ ነውና ሁለተኛ ሥርዓት መጨመር አይገባም። በዚህ ጊዜ ቀጣዩ እርምጃ ፎርማኑና የክፍል ኃላፊዎቹ ያለ ባለቤቱ ፊርማ እስከ ስንት ብር መግዛት እንደሚችሉ፣ የትኛውን የደንበኛ ቅሬታ በራሳቸው መፍታት እንደሚችሉ፣ ማንን ለስንት ቀን ፈቃድ መስጠት እንደሚችሉ በአንድ ገጽ ጽፎ፣ ፈርሞና ማኅተም አድርጎ ሁሉም በሚያየው ቦታ መለጠፍ ነው።